ሰባተኛው ተጫዋች

ያን ዓመት የግራንፎሽ ስፖርት ክለብ በወረቀት ላይ አሥራ አምስት፣ በሜዳ ላይ ስምንት ተጫዋች ነበረው። የቀሩት ሰባቱ የት እንደገቡ ኤቫልድ ኑርሊንግ አንድ በአንድ ያውቃል። ሁለቱ ሥራ ፍለጋ ሱንድስቫል ወርደዋል። አንዱ ጉልበቱ ተጎድቶ በምርኩዝ ይሄዳል። አንዱን ሚስቱ "ወይ ኳሱ ወይ እኔ" ብላው ከኳሱ ተፋቷል። ሦስቱ ወንድማማቾች ደግሞ የአጋዘን አደን ከተከፈተ ጀምሮ ጫካ ውስጥ ናቸው፤ ስልካቸው ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። በአደኑ የመጀመሪያ ሳምንት ቡድኑ ሰው አጥቶ አንድ ፎርፌ ሰጥቷል። አሁን የቀረው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ እሱም ከሜዳቸው ውጭ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሎንግሼን በሚባል ቦታ።

ኤቫልድ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ለክለቡ ኳስ ይነፋል፣ ማልያ ያጥባል፣ የሜዳውን መስመር በኖራ ያሰምራል፣ ጨዋታ ሲኖር የውሃውን ባልዲ ይዞ መስመሩ ዳር ይቆማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሊጉን መዝገብ የሚጽፈው እሱ ነው። ክለቡ በ1924 መጀመሪያ ሊግ ውስጥ ከገባበት ዓመት አንስቶ እያንዳንዱ ዓመት በመዝገቡ አንድ መስመር አለው፦ ዓመቱ፣ ዲቪዚዮኑ፣ ያሸነፈው፣ አቻ የወጣው፣ የተሸነፈው፣ ነጥቡ፣ ደረጃው። ሰማንያ አራት ዓመት፣ ሰማንያ አራት መስመር፣ አንድም ክፍተት የለም። በጦርነቱ ጊዜ ወንዱ ሁሉ ድንበር ሊጠብቅ ሲሄድ እንኳ የፋብሪካው ሒሳብ ሹም በረኛ ሆኖ ገብቶ ጨዋታው አልተቋረጠም። ሒሳብ ሹሙ በአንድ ዓመት ሰባ ጎል ገባበት፤ መስመሩ ግን ተጻፈ።

ከመስመሮቹ ሁሉ የሚበልጠው የ1966ቱ ነው። ያን ዓመት ግራንፎሽ፣ አራት ሺህ ሰውና አንድ የወረቀት ፋብሪካ ያላት መንደር፣ ከስቶክሆልምና ከጎተንበርግ ቡድኖች ጋር በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ተጫወተች። ሦስት ጊዜ አሸነፈች፣ አምስት ጊዜ አቻ ወጣች፣ አሥራ አራት ጊዜ ተሸነፈች። አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም መጨረሻ ወጣች። ኤቫልድ የቀኝ ተከላካይ ነበር። ከጎተንበርግ የመጣ ቡድን በገጠሙበት ቀን የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ያኔ ተጫዋች መቀየር አይፈቀድም፤ እሱ ከወጣ በአሥር ሰው መጨረስ ነው። ክንዱን በመሐረብ ከደረቱ ጋር አስሮ ሃምሳ ደቂቃ ተጫወተ። ሁለት ለሁለት ተለያዩ። በማግስቱ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወርክሾፕ ድረስ መጥቶ በደህናው እጁ ጨበጠው። ግራንፎሽ ውስጥ ያን ቀን የማያውቅ ሰው የለም፤ ያን ጊዜ ያልተወለዱት ሁሉ ያወሩታል።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ የሚያሳየው መውረድ ብቻ ነው። በ1974 ሦስተኛ ዲቪዚዮን። በ1983 አራተኛ። በ1991 ፋብሪካው ተዘጋ፣ ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ በዓመቱ አምስተኛ። በ2003 ስድስተኛ። ከዚያ በታች ሌላ ዲቪዚዮን የለም፤ ያለው ጫካው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የክለቡ ሊቀመንበር ደወለች። ሊቀመንበሯ የገዛ ልጁ ማሪታ ናት።

"ስንት ሰው አገኘህ?"

"ስምንት።"

"በረኛውን ጨምሮ?"

"በረኛውን ጨምሮ።"

"አባዬ፣ ስምንት ሰው ይዘህ መቶ ኪሎ ሜትር ሄደህ አሥራ አምስት ጎል ተሸክመህ ልትመለስ ነው? እኔ ደውዬ አንመጣም ልበላቸው። በክብር ይለቅ።"

"ምኑ ላይ ነው ክብሩ? ከደወልሽ ሁለተኛ ፎርፌ ነው። ሁለት ፎርፌ የሰጠ ቡድን ከሊጉ ይሰረዛል። ያደረግናቸው ጨዋታዎች ሁሉ እንዳልተደረጉ ይቆጠራሉ። ስማችን ከሰንጠረዡ ይጠፋል።"

"ይጥፋዋ! ስድስተኛ ዲቪዚዮንን ማን ያያል?"

"እኔ አያለሁ" አለና ስልኩን ዘጋው።

በሁለት መኪና ሄዱ። ፊተኛውን የሚነዳው የቡድኑ አምበል ኮኒ ነው። ኮኒ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ግንድ የሚጭን ባለተሳቢ ከባድ መኪና ነጂ ነው። አፉ አያርፍም። የሞተው አባቱ ከኤቫልድ ጋር አንድ ማሽን ላይ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ስለነበረ ኤቫልድን እንደ ቤቱ ሽማግሌ ያየዋል፤ ማለትም ያሾፍበታል።

"ሽማግሌው፣ ታኬታህን ይዘሃል? ዘጠነኛው አንተ ነህ እኮ።"

"የኔ ታኬታ ሙዚየም ነው ያለው።"

"ታዲያ አንተ እንዴት አምልጠህ ወጣህ?"

የኋላ ወንበር ላይ ያሉት በሳቅ ፈረሱ። ኤቫልድም ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ ያን ሳቅ እንዳስታወሰው!

ሎንግሼን ሲደርሱ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይጥላል። ሜዳው ዳር ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቋሊማ እየበሉ ቆመዋል። ስምንቱ ሲገቡ አንዱ አፉን ሞልቶ ጮኸ፦

"ሌሎቹ መንገድ ላይ ወረዱ እንዴ?"

"ሦስት ሰው እናውሳችሁ!" አለ ሌላው።

"ሚስቶቻችሁን አውሱን፣ ከእናንተ ይሻላሉ!" ብሎ መለሰ ኮኒ፣ እየሮጠ። እዚያ የቆሙት ሴቶች አጨበጨቡለት።

ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም። ሎንግሼኖች አሥራ አንድ ሆነው ሲመጡ፣ ስምንቱ ሳጥናቸው ውስጥ ተፋፍገው ኳስ እየጠለዙ ይመልሳሉ። ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አንዱ የክንፍ ተጫዋች የኋላ ታፋውን ይዞ ወደቀ፤ ተሸክመው አወጡት። ሰባት ቀሩ። የመጀመሪያው አጋማሽ አራት ለዜሮ አለቀ።

በእረፍት ኤቫልድ ብሉቤሪ ከሚባለው የጫካ ፍሬ የተሠራ ትኩስ ሾርባ እየቀዳ ሲያድል ዳኛዋ ወደ መልበሻ ክፍሉ ብቅ አለች። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ልስልስ ያለች ሴት ናት።

"ሰባት ናችሁ። አንድ ሰው ከጎደለ ጨዋታውን አቆማለሁ። ደንቡን ታውቀዋለህ አይደል?"

"አውቀዋለሁ" አለ ኤቫልድ። "እንደ ፎርፌ ነው የሚቆጠረው።"

"እኔ ደንቡን ነው የምከተለው።"

ስትወጣ ኮኒ ሾርባውን ጨልጦ ተነሳ። "ሰማችሁ? ማንም አይሞትም። መሞት የፈለገ አርባ አምስት ደቂቃ ይታገሥ።"

ስልሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የማዕዘን ምት ተመታ። ኮኒና ግንብ የሚያክል የሎንግሼን አጥቂ እኩል ዘለሉ። ጭንቅላትና ጭንቅላት ሲጋጭ የተሰማው ድምፅ እንጨት በእንጨት ሲመታ የሚሰማ ዓይነት ነበር። አጥቂው ግንባሩን ይዞ እየተሳደበ ተነሳ። ኮኒ ግን በጀርባው ተዘርግቶ ቀረ።

ኤቫልድ ባልዲውን ይዞ ሮጠ። ሲደርስ ኮኒ ዓይኑን ገልጧል። ደግፎ አስቀመጠው፤ በሰፍነግ ቀዝቃዛ ውሃ ማጅራቱ ላይ አፈሰሰበት። የተሰነጠቀ ነገር የለም፣ ደም የለም።

"ኮኒ፣ ስንት ለስንት ነን?"

ኮኒ ወደ ጎሉ ጀርባ ዞሮ አየ። እዚያ ዝናብና ጥድ እንጂ ሌላ የለም።

"አባቴ መጥቷል?" አለ፣ በልጅ ድምፅ። "እዚያ ጋ ቆሞ ነበር።"

የኮኒ አባት ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ኤቫልድ ነበር።

ኤቫልድ የሰማውን ሰምቷል። ምን ማለት እንደሆነም ያውቃል፤ ሃምሳ ዓመት ሜዳ ዳር የቆመ ሰው ይህን ቢያጣው ማን ያውቀዋል? ከኋላው የዳኛዋ ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማዋል። ስድስት ሆኑ ማለት ነው። ሰማንያ አራት መስመር፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። ለማሰብ የነበረው ጊዜ ይህችው ናት፤ ሰፍነጉን ባልዲው ውስጥ ነክሮ እስኪያወጣ።

"እንዴት ነው?" አለች ዳኛዋ።

"ደህና ነው" አለ ኤቫልድ። "ትንፋሹ ነው የጠፋው።"

ዳኛዋ ጎንበስ አለች። "መጫወት ትችላለህ?"

ኮኒ ኤቫልድን አየው። ለምን እንደሚያየው ሳያውቅ፣ ሰው መንገድ ሲጠፋው አጠገቡ ያለውን እንደሚያይ።

"ይችላል" አለ ኤቫልድ። "ተነስ ኮኒ። ተነስ እንጂ።"

ኮኒ ተነሳ። ሁለት እርምጃ ወደ ተሳሳተው ጎል ሄደ። ኤቫልድ በእጁ ጠቆመው፤ እንደታዘዘ ዞረ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ደቂቃ ተጫወተ። ቃል አልተነፈሰም። አንድ ጊዜ፣ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ጎል መስመር ላይ ቆሞ የመጣበትን ኳስ በግንባሩ መታው። ኳሱ ሩቅ ሄደ። ኤቫልድ መስመሩ ዳር ዓይኑን ጨፈነ።

ዘጠኝ ለዜሮ አለቀ። ፊሽካው ሲነፋ ሰባቱ ዋንጫ እንደበላ ሰው ተቃቀፉ፤ ሎንግሼኖች ግራ ገብቷቸው አዩአቸው። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ በረኛው አግዳሚው ላይ ወጥቶ "አልተሰረዝንም!" እያለ ዘፈነ። ኮኒ ጥግ ላይ ተቀምጦ ታኬታውን ሊፈታ ይታገላል። ታኬታው ግን ከእግሩ ወልቆ መሬት ላይ ነበር። ጣቶቹ ካልሲው ላይ የሌለ ክር ይፈልጋሉ። ኤቫልድ ሊናገር አፉን ከፈተ። ኮኒ አስመለሰውና ከአግዳሚው ላይ ወደ ጎን ተደፋ።

አምቡላንስ እስኪመጣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ወደ ኡሜዮ ሆስፒታል በሄሊኮፕተር ወሰዱት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር፤ በዚያው ምሽት የራስ ቅሉን ከፈቱት።

ሚስቱ ያና የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ቆማ ነበር። የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አረጋውያኑን እራት እያበላች ሳለ ነው የተደወለላት። ኤቫልድን ስታየው ሁለት እጁን ያዘችው።

"ሲወድቅ አጠገቡ ማን ነበር?"

"እኔ ነበርኩ።"

"ምን አለ? የሆነ ነገር አላለም? ሐኪሙ ምልክት ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።"

"ምንም አላለም" አለ ኤቫልድ።

እሷም እጁን እንደያዘች አመሰገነችው። አጠገቡ ስለነበርክ፣ አለችው።

ኮኒ አልሞተም። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ቆየና ነቃ። ግራ እጁ አልታዘዘው አለ። ዓይኑ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፤ ስለዚህ አንዱን ዓይኑን በጨርቅ ሸፈኑለት። ቃል ይጠፋበታል፤ ማንኪያ ሊል "ያ የሾርባው" ይላል። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱት። አሠሪው መኪናውን ለሌላ ነጂ ሰጠ። ወደ ቤቱ የተመለሰው በጥር ነው፤ ያ አፉ የማያርፍ ሰው መስኮቱ ዳር ተቀምጦ ይውላል።

የሊጉ ሰንጠረዥ ግን በጊዜው ወጣ። ስድስተኛ ዲቪዚዮን፣ አሥር ቡድን፦ ግራንፎሽ አሥረኛ፣ አሥራ ስምንት ጨዋታ፣ ሁለት ድል፣ አንድ አቻ፣ ሰባት ነጥብ። ኤቫልድ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሰማንያ አምስተኛውን መስመር ጻፈ። የሚጽፈው በብዕር ነው። ያን ቀን ግን ቀለሙ እስኪደርቅ አልጠበቀም፤ መዝገቡን ዘግቶ ክለቡ ቤት ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖረውና ቁልፉን ለማሪታ ሰጣት።

"ምነው?" አለችው። "ሌላ ጊዜ ስጠኝ ብልህ እንኳ አትለየውም ነበር።"

"እርጅና ነው።"

የአካባቢው ጋዜጣ "ሰባቱ የግራንፎሽ ጀግኖች" ብሎ ጽፎ ነበር። ስለ ትከሻውም ጻፈ። ሱቅ ሲገባ ያስቆሙታል። ሥጋ ቆራጩ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፦ "ያኔም አንተ፣ ዛሬም አንተ! የድሮ ሰው ሌላ ነው።" ኤቫልድ ወተትና ዳቦ ለመግዛት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ መንደር መሄድ ጀመረ። እዚያ የሚያውቀው የለም።

አንዳንዴ ራሱን ይሟገታል። ዳኛዋ ራሷ ኮኒን ጠይቃዋለች፤ ውሳኔው የእሷ ነው። ኮኒም በገዛ እግሩ ተነስቷል። ቢወጣም ደሙ ያው ይፈስ ነበር ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ከዚያ ያቺ የልጅ ድምፅ ትመጣለች፤ አባቴ መጥቷል? ሙግቱ እዚያ ላይ ይሰበራል። የተሰበረ ትከሻ ይዞ የተጫወተው ሰው ራሱ ፈልጎ ነው የተጫወተው። ኮኒን ግን ማንም አልጠየቀውም። ዳኛዋ የጠየቀችው አካሉን ነው፤ የኮኒ አእምሮ በዚያች ሰዓት እዚያ አልነበረም።

በየካቲት የክለቡ ዓመታዊ ስብሰባ ተጠራ። ምድጃ ያላሞቀው የክለብ ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ሰው ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ያናም መጣች፤ ኋላ ወንበር ላይ፣ ብቻዋን። ማሪታ አጀንዳውን አንድ በአንድ አሳለፈች። የዓመቱ ሪፖርት ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

"ቡድኑ የውድድር ዓመቱን ሳይሰረዝ ለመጨረሱ ኤቫልድ ኑርሊንግ ላሳየው ጽናት ቦርዱ ልዩ ምስጋናውን ያቀርባል።"

አጨበጨቡ። ያናም አጨበጨበች። ኤቫልድን ከወንበሩ ያስነሳው ይህ ነው፤ የእሷ እጅ።

"አንድ ነገር ልናገር" አለ ኤቫልድ። የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ነው የቆመው። "ኮኒ ሎንግሼን ላይ ሲመታ ስንት ለስንት ነን ብዬ ጠየቅኩት። አባቴ መጥቷል ወይ አለኝ።"

ፊት የተቀመጡት ወደ እሱ ዞሩ፤ እሱ ቀጠለ።

"አባቱ የሞተ ሰው ነው። ሁላችሁም ቀብሩ ላይ ነበራችሁ። ጭንቅላቱ እንደተጎዳ ያኔውኑ ገብቶኛል። ዳኛዋ ስትጠይቀኝ ደህና ነው አልኳት። ሰባተኛው እሱ ነበር። እሱ ከወጣ ልንሰረዝ ነው። ስለዚህ ተነስ አልኩት።"

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሩኔ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ብዕሩን አንስቶ አመነታ።

"ይሄ... ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ?"

"ሩኔ፣ ዝም በል!" አለች ማሪታ። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

"ይግባ" አለች ያና ከኋላ።

ፊት ወንበር ላይ ያለ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኤቫልድ፣ ራስህን አትግደል። ማናችንም ብንሆን እንደዚያው ነበር የምናደርገው። በኛ ጊዜ ሰው ራሱን ስቶም ይጫወት ነበር።"

"እናንተ እዚያ አልነበራችሁም" አለ ኤቫልድ። "የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ያና ተነስታ በወንበሮቹ መሐል መጣች። ከፊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመች። አልጮኸችም።

"ሆስፒታል ጠይቄህ ነበር።"

"አዎ።"

"ምንም አላለም አልከኝ።"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ አመሰገንኩህ። እጅህን ይዤ። ስለ አባቱ ከዚያ በኋላ ሌላ የተናገረው ነገር አለ?"

"የለም። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም።"

ራሷን ነቀነቀች፣ ለጥያቄዋ መልስ እንዳገኘ ሰው። ከዚያ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የክለቡ አባል ናት፤ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር ገና ቀርቷል።

የመጨረሻው አጀንዳ ክለቡ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሚጫወት አምስት ሰው ነበር የተመዘገበው። ይዘጋ ለሚለው አሥራ ስድስት እጅ ተነሳ። ሁለት ሰው ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ኤቫልድ እጁን ካነሱት ውስጥ ነው። ማሪታ የእንጨት መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ መታች። መዝገቡ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ወደ ሱንድስቫል ወደ ቤተ መዛግብት ተላከ። ኤቫልድ አንድም ቀን ስለሱ አልጠየቀም።

ፖሊስ አልመጣም። ፌዴሬሽኑ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ የዳኛዋ ውሳኔ የዳኛዋ ነው፣ ሁኔታው ግን የሚያሳዝን ነው የሚል። ሰላምታ የሚሰጡት ሰዎች ቁጥር ቀነሰ፤ ሥጋ ቆራጩ ዓይኑን ሚዛኑ ላይ ያደርጋል። ማሪታ እሑድ እሑድ እንደ ወትሮው ለምሳ ትጠራው ነበር፤ ስለ አየሩ ያወራሉ። አንድ እሑድ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ያን ጠዋት ብደውልላቸው ኖሮ" አለች። የጀመረችውን አልጨረሰችም። እሱም አልጨረሰላትም።

ሚያዝያ ላይ ያና ደወለች።

"ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ ነኝ። ኮኒ ማገገሚያው የሚሄድበት የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ቀርቷል። ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። አንተ መኪና አለህ።"

"አለኝ።"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ስታመጣው ቤት አትግባ። ልጆቹ አይፈልጉም።"

በመጀመሪያው ማክሰኞ ኮኒ የመኪናውን በር በቀኝ እጁ ከፍቶ ገባ። ቀበቶውን ለማሰር ብዙ ታገለ፤ ኤቫልድ እጁን ሊዘረጋ ብሎ ተወው። መንገዱ በወንዙ ዳር ነው፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው ጥቁር ሆኖ ይጎርፋል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዱ።

"ያና ነግራኛለች" አለ ኮኒ በመጨረሻ። ቃላቱ አንድ በአንድ ነው የሚወጡት። "እኔ አላስታውስም። ጠዋት... ያ... መኪናው ውስጥ ስንስቅ። ከዚያ ጣሪያ። ነጭ ጣሪያ።"

"አዎ።"

"አባቴን ስጠራ ምን አልከኝ?"

ኤቫልድ መሪውን ጨበጥ አደረገ። "ተነስ አልኩህ።"

ኮኒ በአንድ ዓይኑ ወደ መንገዱ አየ።

"መጥቷል ብትለኝ ምን ነበረበት?" አለ።

ኤቫልድ እንባው መጣበትና መኪናውን ዳር ይዞ ሊያቆም ፍጥነቱን ቀነሰ።

"አታቁም" አለ ኮኒ። "እረፍድብኛለሁ።" ቃሉ እንደጠመመበት ገብቶት ከንፈሩን ነከሰ፣ እንደገና ሞከረ። "ይረፍድብኛል። ንዳ።"

ነዳ። ማገገሚያው ደጃፍ ላይ ኮኒ ወርዶ በሩን ዘጋና መንገዱን በዱላው እየፈተሸ ገባ። ኤቫልድ አንድ ሰዓት ተኩል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀው። ሐሙስም እንዲሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ የገዛ ዓይኑ እስኪደክምና ሐኪም መንዳት ተው እስኪለው ድረስ፣ በሳምንት ሁለት ቀን አመላለሰው። የኮኒ ግራ እጅ አልተመለሰችም። ቃሉ ግን ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ ከሰው ጋር ይጫወት ጀመር፣ ከማገገሚያው ሴቶች ጋር ሲሳሳቅ በመስኮቱ በኩል ይታያል። መኪናው ውስጥ ሲገባ ግን ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ ድምፁንም ከፍ ያደርገዋል፤ ኤቫልድም አይቀንሰውም።